አሥር ጊዜ የተሳሳትንበት እሑድ

የመሥሪያ ቤታችን የስልክ መመሪያ አሥራ አራት ገጽ ነው። ይህን የማውቀው አንብቤው ሳይሆን በየገጹ ግርጌ ስፈርም ስለቆጠርኩት ነው። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ እስክሪብቶዬ ቀለም አልቆበት ካጠገቤ ካለ ሰው ተውሼ ጨረስኩ። ለመፈረም እስክሪብቶ እስከ መዋስ የደረሰ ሰው ለማንበብ መነጽሩን ካላወጣ፣ በኋላ የሚደርስበትን ሁሉ ዝም ብሎ ሊቀበል ይገባዋል። እኔም ተቀብያለሁ። አሁን የምነግራችሁ አቤት ለማለት አይደለም፤ የሆነውን እንዳለ ለማውራት ነው።

የምሠራው ወሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው። ክፍሌ ግዥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጉምሩክ አስተላላፊ፣ ከመጋዘን ኃላፊና “ዕቃዬ የት ደረሰ” ከሚል ሆስፒታል ጋር በስልክ ስነጋገር እውላለሁ። ስልኩ የራሴ ነው። ድርጅቱ ስልክ የሚገዛው ለኃላፊዎች ብቻ ስለሆነ፣ እኛ ሌሎቻችን የቤተሰባችንን ፎቶ በያዘው ስልክ ላይ የድርጅቱንም ደብዳቤ እንይዛለን። አንድ ባልደረባችን ስልኩን ሚኒባስ ውስጥ ጥሎ የጨረታ ሰነዳችን አብሮ እስኪጠፋ ድረስ ይህ ነገር ማንንም አላሳሰበም ነበር። ከዚያ በኋላ አቶ መስፍንን አሳሰባቸው።

አቶ መስፍን የአስተዳደር ኃላፊያችን ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። መመሪያ ያወጣሉ፤ ያወጡትን ደግሞ ከሁሉ በፊት ራሳቸው ላይ ይፈጽሙታል። ሠራተኛ በሊፍት እንዳይጨናነቅ ብለው “ከሦስተኛ ፎቅና ከዚያ በታች የሚወርድ በደረጃ ይውረድ” ካሉ ጀምሮ፣ እሳቸው ከአራተኛውም በደረጃ ነው የሚወርዱት። እንዲህ ባለ ሰው ላይ መቀለድ ይከብዳል። ማማረርም ይከብዳል።

መመሪያው የሚያዘውን የመቆለፊያ ፕሮግራም ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ቤቲ የምትባለዋ የኮምፒውተር ባለሙያችን ናት።

“ጋሼ፣ ሴኪዩሪቲ ነው፤ ምንም አያስጨንቅም። ጀስት ኔክስት ኔክስት እያሉ ይሂዱ” አለችኝ።

ኔክስት ኔክስት እያልኩ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ የእኔ መሆኑ ቀረ። ስድስት አሃዝ የይለፍ ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥሩ በየወሩ ይቀየራል። ያለፈው ወር ቁጥር አይደገምም፤ የልደት ቀን አይሆንም፤ ተከታታይ ቁጥር አይሆንም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነካሁት ይቆለፋል። ባለቤቴ “ስንት ሰዓት ነው?” ስትለኝ ስድስት ቁጥር አስቤ፣ ስድስት ቁጥር ነክቼ ነው የምመልስላት። ኋላ ላይ ቤቲ በጣት አሻራ እንዲከፈት አደረገችልኝና ትንሽ ተነፈስኩ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የዮናስ ጉዳይ መጣ።

ዮናስ የወንድሜ ልጅ ነው። እናቱ ቀድማ አረፈች፤ ወንድሜ ሲሞት ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔና ባለቤቴ አሳደግነው። አሁን የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ ሠላሳ ሊሞላው ነው። ሐና የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ ተክሌ ዕድሜያቸውን በሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሲኤምሲ ነው ቤታቸው። እናትና አባት ለሌለው ልጅ የሚቆመው ማን ነው ብለው ብዙ ጊዜ አንገራገሩ። በመጨረሻ በልጃቸው ልመና ለአንድ ቀን እሺ አሉ። “እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌ ይምጣ። ዘጠኝ ማለት ዘጠኝ ነው” ብለው ላኩ።

ሽማግሌ መረጥን። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ጎረቤቴ ጋሽ ዘሪሁን ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው። ለሦስተኛው ንግግር የሚያውቅ፣ ከበድ ያለ ሰው ስንፈልግ ወደ አእምሮዬ የመጡት አቶ መስፍን ናቸው። ቢሯቸው ገብቼ ስጠይቃቸው ከወንበራቸው ተነሥተው “ትልቅ ክብር ነው” አሉኝ። ዓይናቸው ሁሉ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። እሳቸውን ለሽምግልና የጠየቃቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም መሰለኝ።

እሑድ ሰባት ተኩል ላይ በአሮጌዋ ቶዮታዬ ቤቴም ካለበት ከወሎ ሰፈር ተነሣን። ሦስታችንም ሙሉ ልብስ ለብሰን ነጠላ ደርበናል። የአቶ ተክሌ ቤት አቅጣጫ፣ ስልክ ቁጥራቸውና የበሩ ፎቶ ሳይቀር ዮናስ የላከልኝ እኔ ስልክ ላይ ነበር። ጉርድ ሾላ ደርሰን “እስቲ ካርታውን ልክፈተው” ብዬ ስልኩን ሳወጣ፣ ስልኩ መንገድ ላይ በራሱ ፈቃድ ጠፍቶ በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ ኖሯል። ጣቴን አስነካሁት። አልቀበልም አለ። ቁጥር አስገባ አለኝ።

ቁጥሩን የቀየርኩት ዓርብ ዕለት ነው፤ አንድ ሹፌር ደረሰኝ ላይ ፈርምልኝ እያለ ከላዬ ቆሞ። ምን ብዬ እንደቀየርኩት ግን አእምሮዬ ባዶ ሆነ።

መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቆምኩና ሞከርኩ። ስህተት። ደግሜ ሞከርኩ። ስህተት። ሦስተኛውን በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቁጥር እየጠራሁ ሞከርኩ። በዝግታም ስህተት ሆነ።

“የዮናስን ልደት አድርገኸው ይሆናል” አሉ ጋሽ ዘሪሁን ከአጠገቤ።

“የልደት ቀን አይፈቀድም” አሉ አቶ መስፍን ከኋላ ወንበር፣ በዝግታ። “አንቀጽ አምስት።”

“የቤት ቁጥርህስ?”

የቤት ቁጥሬን ከእድር ቁጥሬ ጋር አጋጥመን ሞከርን። የባለቤቴን ስም ፊደላት በቁጥር ቀይረን ሞከርን፤ ይህ የጋሽ ዘሪሁን ሐሳብ ነው፤ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ስድስተኛው ላይ ስልኩ አምስት ደቂቃ ጠብቁ ብሎ ተዘጋ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላ ለብሰን አንድ ስልክ ከበን አምስት ደቂቃ ጠበቅን።

“ለምን ዮናስ ጋ አንደውልም?” አሉ ጋሽ ዘሪሁን።

ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን የዮናስን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። የባለቤቴንም አላውቀውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሟን እየነካሁ ነው የምደውለው። ጋሽ ዘሪሁን ባለ ቁልፍ ስልክ አላቸው፤ ውስጡ ያለው የዘመዶቻቸውና የእኔ ቁጥር ነው። እሳቸው ለመሞከር ያህል እኔ ጋ ደወሉ። እጄ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ተያየን። ከዚያ ለሚስታቸው ደውለው እኛ ቤት ሄደው ቁጥር እንዲያመጡ ለመኑ። ትንሽ ቆይተው ሚስታቸው በሩ ዝግ ነው አሉ። ዮናስና ባለቤቴ ለካ ጭንቀቱ ቤት አላስቀምጥ ብሏቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።

“አቶ መስፍን፣ የእርስዎ ስልክስ?” አልኳቸው።

“ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ነው” አሉኝ። “የድርጅት ስልክ ያለ ፈቃድ ቅዳሜና እሑድ ከቢሮ አይወጣም።”

“ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?”

“እኔ ነኝ” አሉ። “ለግል ጉዳይ ነው ብዬ ለራሴ አልሰጠሁም።”

በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ መሆኑ ያኔ ትዝ አለኝ፤ የቢሯችን መደበኛ ስልክ። በጋሽ ዘሪሁን ስልክ ደወልኩ፤ የጥበቃ ሠራተኛችን አነሣው። የሠራተኞች መዝገብ ላይ የቤቲን ቁጥር አይቶ እንዲነግረኝ ለመንኩት።

“የሠራተኛ ስልክ በስልክ አይሰጥም፤ መመሪያ ነው” አለኝ።

አቶ መስፍን እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉ። “መስፍን ነኝ፤ ስጣቸው” አሉት።

“ይቅርታ ጌታዬ፣ መስፍን ነኝ ብሎ ቢደውል እንኳ እንዳትሰጥ ያሉኝ አቶ መስፍን ራሳቸው ናቸው” አለና ዘጋው።

አቶ መስፍን ስልኩን ለጋሽ ዘሪሁን መለሱ። “ጎበዝ ሠራተኛ ነው” አሉ። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

ሰባተኛውንና ስምንተኛውን እንዴት እንዳባከንናቸው አላስታውስም። ስምንተኛው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ መስኮቴን አንኳኳ። እዚህ መቆም ክልክል መሆኑን ሊነግረኝ ነበር የመጣው፤ ነጠላችንን አይቶ ቃናውን ቀየረ።

“ለሽምግልና ነው?”

“አዎ፤ መንገዱ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ደግሞ አልከፈት አለን።”

ጎንበስ ብሎ አየው። “የመኪናውን ሰሌዳ ሞክረዋል? ብዙ ሰው እሱን ነው የሚያደርገው።”

ሞከርን። አልሆነም። “አይዟችሁ፤ ይቅናችሁ” ብሎን ሄደ።

“አንድ ነው የቀረን” አልኩ።

“አሥረኛው ላይ ይጠፋል” አሉ አቶ መስፍን።

“ምኑ ነው የሚጠፋው?”

“ያለው ሁሉ። አንቀጽ ዘጠኝ። ሌባ እጅ እንዳይገባ ነው።”

እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ግን በዚያች ደቂቃ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ መጣልኝ። ስድስቱም በተራ በተራ፣ ልክ ወረቀት ላይ ተጽፎ እንደማየው። በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ የሆንኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። አስገባሁት። ለካ ያስታወስኩት ያለፈውን ወር ቁጥር ኖሯል።

ስልኩ ጠቆረ። ከዚያ ነጭ ሆነ። ከዚያ በተለያየ አገር ቋንቋ እየተፈራረቀ ሰላምታ ያቀርብልን ጀመር። ጋሽ ዘሪሁን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። የአሥር ዓመት ፎቶዬ፣ የአቶ ተክሌ ቁጥር፣ የቤቱ አቅጣጫ፣ የበሩ ፎቶ፣ የጉምሩክ አስተላላፊዬም ጭምር ሄዱ። አቶ መስፍን፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ባልታወቀ ድምፅ፣ “ሲጻፍ እንደዚህ አልመሰለኝም ነበር” አሉ።

መኪናዋን አስነሥቼ ወደ ሲኤምሲ ነዳሁ። የማስታውሰው ጥቁር የብረት በርና በአጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ወይን ጠጅ የቡገንቪሊያ አበባ ነው። ሲኤምሲ ስንገባ የሁሉም ቤት በር ጥቁር ነው። የሁሉም አጥር ላይ ቡገንቪሊያ አለ። ጋሽ ዘሪሁን “ፀሐይዋ በስተግራችን ስለሆነች ወደ ሰሜን እየሄድን ነው” አሉ፤ ትክክል ነበሩ፤ ግን አልጠቀመንም። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሦስት መንገድ ዞረን አራተኛው ላይ አንድ በሩን ገርበብ አድርጎ የቆመ ዘበኛ አየንና ቆምን። ነጠላችንን አይቶ ራሱ ወደ መኪናው መጣ።

“ሽማግሌዎቹ ናችሁ?”

“ነን” አልን በአንድነት።

“ግቡ፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እየጠበቋችሁ ነው።”

አቶ መስፍን ዞረው አዩኝ። “ስምንት ነበር እንዴ?” አሉኝ። ዘጠኝ መሆኑን እርግጠኛ ነበርኩ። ነገር ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ስለ አንድ ቁጥር እርግጠኛ ሆኜ ነበርና መኪናዋን ወደ ግቢው አስገባሁ።

ሳሎኑ ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ሰው፣ ባለቤታቸውና አንድ አጎት የሚመስሉ ሰው ተቀምጠዋል። ሰውየው ተነሥተው ጨበጡን፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። “ዘገያችሁ” አሉ። ይቅርታ ጠየቅን። ውኃ ቀረበልን፤ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀምስም ብለን እንደ ወጉ ተውን። አቶ መስፍን ብድግ አሉ። እንዲህ ያለ ንግግር ያውቃሉ ብዬ አልገመትኩም ነበር። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ክፍሉን ሞላው። ስለ ሁለት ቤተሰብ፣ ስለ ክብር፣ ስለ አደራ ተናግረው፣ “ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ለመለመን መጥተናል” ብለው ጎንበስ አሉ።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። “ሰጥተናችሁ አልነበረም እንዴ?” አሉ።

አቶ መስፍን ይህን እንደ እሺታ ቆጠሩት። “እግዚአብሔር ይስጥልን” አሉ።

“ስድስት ዓመት ከእናንተ ጋ ስትኖር ምን አጎደለችባችሁ?”

አቶ መስፍንና ጋሽ ዘሪሁን ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ዮናስን ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ አሳድጌዋለሁ። ሆኖም በዚያች ቅጽበት፣ ይህ ልጅ ስድስት ዓመት በድብቅ አግብቶ ይሆን እንዴ ብዬ ወደ ኋላ ሳሰላ አገኘሁት። መስክ ሥራ ነኝ እያለ የሚቀርባቸውን ሳምንታት ቆጠርኩ።

ጋሽ ዘሪሁን ነገሩን ሊያለዝቡ ገቡ። “ጌታዬ፣ የሆነው ሆኗል። እኛ የምናውቀውን እንመስክር። ልጃችን ጨዋ ነው። መጠጥ አይቀምስም። ከሥራው በቀጥታ ወደ ቤቱ ነው። የተናገረውን ቃል አያጥፍም።”

ከጓዳው በር በኩል “መጠጥ አይቀምስም?” የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን አጠር አድርጋ የተቆረጠች ሴት ብቅ አለች። አባቷ “ሰላም፣ ተይ ልጄ” አሏት። አልተመለሰችም። ከጋሽ ዘሪሁን ፊት ቆመች።

“ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቱ ነው ያሉት?”

“አዎ ልጄ” አሉ ጋሽ ዘሪሁን፤ ድምፃቸው ግን ቀነሰ።

“ስሙ ማን ነው የዚህ ሰው?”

“ዮናስ” አልኩ እኔ።

ሰላም አንዴ አባቷን፣ አንዴ እኛን አየች። “የእኔ ባል ስሙ ዮናስ አይደለም” አለች። ከዚያ ሳቀች። ግድግዳ ተደግፋ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እናቷም ሳቁ። አጎቷም። እኛ መሳቅ ይገባን አይገባን ስላላወቅን ቆመን ጠበቅን። ሳቋ እየቆየ ሲሄድ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እናቷ ተነሥተው አቀፏት። ያኔ ሳቅ እንዳልሆነ ገባን።

አባትየው፣ አቶ ወልዱ ይባላሉ፣ ቁጭ በሉ አሉንና ነገሩን በአጭሩ ነገሩን። ልጃቸው ከባሏ ጋር ከተጣላች ሦስት ወር ሆኗታል። ባልየው “እሑድ ስምንት ሰዓት ሽማግሌ እልካለሁ” ብሎ ነበር። አልላከም። ስልኩንም ዘግቷል። “እናንተ ስትገቡ ዕዳው ከላያችን የወረደ መስሎን ነበር” አሉ። አቶ መስፍን ነጠላቸውን አስተካክለው እንደገና ቆሙና ይቅርታ ጠየቁ። እዚያ ቤት እንደገባን ከተናገሩት ንግግር ይልቅ ያ አጭር ይቅርታ ከበደኝ።

“የፈለጋችሁት ማንን ነው?” አሉ አቶ ወልዱ።

“አቶ ተክሌ የሚባሉ፤ አውሮፕላን ይጠግኑ የነበሩ።”

“ተክሌማ የእድራችን ዳኛ ነው” አሉ። “ተነሡ፤ እኔ አደርሳችኋለሁ። ብቻችሁን ብትሄዱ በር አይከፍትላችሁም።”

ልንወጣ ስንል ሰላም እስከ በሩ ሸኘችን። ዓይኗን ጠራርጋለች። “ልጁ እንዳላችሁት ዓይነት ከሆነ” አለችኝ፣ “ልጅቷን አታስጠብቋት።”

አቶ ተክሌ ቤት ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አጭር፣ ጠንካራ፣ እጃቸው ሰፊ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሰዓታቸውን፣ ቀጥሎ እኛን፣ መጨረሻ ላይ አቶ ወልዱን አዩ።

“አንተ ደግሞ ከነዚህ ጋር ምን ታደርጋለህ?”

“እኔ ቤት ነበሩ” አሉ አቶ ወልዱ። “ስማቸውና ከዚያ ፍረድ።”

ገባን። ማንም ሳይጠይቃቸው አቶ መስፍን ቆሙ። ያዘጋጁትን ንግግር ይደግሙታል ብዬ ነበር። አልደገሙትም።

“የዘገየነው በእኔ ጥፋት ነው” አሉ። “ለሠራተኞች የስልክ መመሪያ አወጣሁ። አሥር ጊዜ የተሳሳተ ሰው ያለውን ሁሉ ይጣ ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ይህ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ሲያጣ አየሁ። እኔ ጽፌው በራሴ ስልክ አሥር ጊዜ ተሳስቼ አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩትም።”

“እኛ ጋ አዲስ አሠራር የሚያመጣ ሰው” አሉ አቶ ተክሌ፣ “መጀመሪያ ራሱ መሬት ላይ ይሠራው ነበር። ከዚያ ነው ለሌላው የሚሰጠው።”

“ልክ ነዎት” አሉ አቶ መስፍን።

አለቃዬ ለሌላ ሰው ልክ ነዎት ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ቤቲ ብትኖር ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

አቶ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ። “ልጁን ያሳደግኸው አንተ ነህ?”

“እኔና ባለቤቴ ነን።”

“ምን ዓይነት ልጅ ነበር?”

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም። ጨዋ ነው፣ ጎበዝ ነው ልል አፌን ከፍቼ ሌላ ነገር ወጣ።

“ሲመጣ ጫማውን አያወልቅም ነበር” አልኩ። “ማታ ጫማውን አድርጎ ነው የሚተኛው። አባቱ ካረፈ በኋላ ሦስት ቤት ተዘዋውሯልና፣ ነገም ተነሥ እንሂድ ይሉኛል ብሎ ነው። ባለቤቴ አንሶላውን በየቀኑ ታጥባለች፤ አውልቅ ብላው ግን አታውቅም። ወደ ዓመት ሊጠጋ ሲል አንድ ጠዋት ልቀሰቅሰው ስገባ ጫማው አልጋው ሥር ተደርድሮ አገኘሁት። ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ነው።”

የሐና እናት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አቶ ተክሌ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። “ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑና መልሱን ውሰዱ” አሉ። “በዘጠኝ ሰዓት። ብትዘገዩም ግን በሩ አይዘጋም።”

መመሪያው በማግስቱ ተሻሻለ። አቶ መስፍን ከቤቲ ጋር ግማሽ ቀን ተዘግተው ዋሉ፤ የድርጅቱ ነገር ለብቻው እንዲጠፋ፣ የሰው ፎቶና የሰው ቁጥር ግን እንዲተርፍ አደረጉ። የእኔ ፎቶዎች አልተመለሱም። ቤቲ “ጋሼ፣ ባካፕ አልነበረዎትም እንዴ?” አለችኝ፤ ባካፕ ማለት ቅጂውን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ተክሌ በር ላይ ነበርን። እሺ አሉ። ዮናስ ሲሰማ ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ባዶ ሆኖ እንደገና በተነሣው ስልኬ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

“የተሳሳታችሁበት ቤት ነኝ” አሉ አቶ ወልዱ። “ቁጥርህን ከተክሌ ወሰድኩ። ያ ሰው እስካሁን ሽማግሌ አልላከም። ልጄ ‘አስታርቁኝ አልልም፤ ቁርጡን ሽማግሌ ጠይቆ ፊት ለፊት ይንገረኝና ልረፍ’ ትላለች። እኔ ሦስት ሽማግሌ ነው የማውቀው።”

ባልየው ወደሚኖርበት አያት ሰፈር ሄድን፤ ያችው ቶዮታ፣ እነዚያው ሦስት ሰዎች። ባልየውን ቤቱ አገኘነው። ብዙ ሰበብ ጀመረ። አቶ መስፍን አላቋረጡትም፤ እስኪጨርስ ሰሙትና፣ “ትፈልጋታለህ ወይስ አትፈልጋትም? ሌላ ጥያቄ የለንም” አሉት። ራሱን አቀርቅሮ አልፈልጋትም አለ። የእሷን ዕቃ፣ መጻሕፍቷንና የልብስ ስፌት ማሽኗን፣ እኛው ተሸክመን መኪናዋ ላይ ጫንን። ጋሽ ዘሪሁን በዚያ ዕድሜያቸው ማሽኑን ለማንም አላስነካም አሉ።

ሲኤምሲ ስንደርስ ሰላም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማን እንደሚነግራት አልተነጋገርንም። አቶ መስፍን ወረዱና እንዳለ፣ ሳያለዝቡ ነገሯት። አንገቷን ነቅንቃ ሰማቻቸው። የማሽኑን አንድ ጎን ከጋሽ ዘሪሁን ተቀበለች።

“ባለፈው ውኃ እንኳ ሳትቀምሱ ነው የሄዳችሁት” አለች። “ዛሬ ምሳ ሠርቻለሁ፤ ግቡ።”